ፍየል ቆዳ ላይ የሰፋነው ጩኸት

ግሪሳን የማያውቅ ሰው ደጋ ያደገ ሰው ነው። እኔም ያደግሁት ደጋ ነው፤ ወገራ። እዚያ ወፍ ማለት ክዳን ላይ ተቀምጣ የምትንጫጫ፣ ከአውድማ ጥቂት ብትለቅም ማንም የማይቆጣት ፍጥረት ናት። ወፍ እንደ ደመና ተጠቅልሎ እንደሚመጣ ያየሁት ቆላ ወርደን፣ ኮኪት አጠገብ ማሽላ ዘርተን፣ ማሽላው ወተት መቋጠር ሲጀምር ነው። መጀመሪያ የሰደድ እሳት ጭስ መሰለኝ። ጭሱ ዞረ፣ ጠበበ፣ ተዘረጋና ማሳው ላይ ፈሰሰ። አንዷን ለብቻዋ ብትይዟት ከአውራ ጣት ብዙም አትበልጥም፤ አንድ ላይ ሲያርፉ ግን ያ ወፍራም አገዳ ይጎብጣል።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔና ባለቤቴ መጀመሪያ የወረድነው እንደ ብዙው ደገኛ ሰሊጥ ልናጭድ ነበር። አጨዳው ሲያልቅ ሌላው ሰው ሸሕዲ ሄዶ መኪና ላይ እየተንጠላጠለ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ እኛ ቀረን። መቅረቱን የፈለግሁት እኔ ነኝ። ደጋ የምንኖረው በባለቤቴ ታላቅ ወንድም ግቢ ውስጥ ነበር። አያ እላቸዋለሁ። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ እንዲያውም እንደ አባት ነበሩ። ግን ምድጃው የሌላ ሰው፣ በሩ የሌላ ሰው፣ አንዲት ዶሮ ላርባ ብል የማስፈቅደው ሌላ ሰው። ቆላ ስንወርድ ሙቀቱ ራሴን ቢያዞረውም፣ ወባው ቢያንቀጠቅጠኝም፣ "እዚህ በር ቢኖረኝ በገዛ እጄ እከፍተዋለሁ" የሚል ሐሳብ ልቤ ውስጥ ገባና አልወጣም አለ።

የገበሬ ማኅበሩ ከጫካው ጠርዝ አንድ ማሳ ሰጠን። ሲሰጡን በግልጽ ነው የነገሩን፤ "ዘንድሮ እህል ከቆመበት የእናንተ ነው። ካልቆመበት ለሚያለማው ሰው እንሰጠዋለን።" አያም ይህን ሰምተው መልእክት ላኩብን፤ "ለኅዳር ሚካኤል እመጣለሁ። ማሽላው ካልሆነላችሁ አብረን እንመለሳለን፤ በረሃ ለበረሃ መንከራተቱ ይበቃል።" ስለዚህ ያ ማሽላ ለእኔ ማሽላ ብቻ አልነበረም። በር ነበር፤ የምከፍተውና የምዘጋው በር።

ባለቤቴ ወንጭፍ አዋቂ ነው። ረጅም ማማ ሠርቶ፣ ከላዩ ቆሞ ሲወነጭፍ ግሪሳው ሳያርፍ ይበተን ነበር። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ማሽላው ገና ወተት ላይ ሳለ ኮኪት ሄዶ ጆንያ ሲጭን ከትራክተሩ ተሳቢ ላይ ወደቀ። ቀኝ ትከሻው። ወጌሻው አሽቶ፣ በሸምበቆ ደግፎ አሰረውና፣ "ይህን እጅ እንኳን ወንጭፍ ማንኪያም እንዳታስይዘው" ብሎት ሄደ።

እንግዲህ ማማው ላይ እኔ ወጣሁ። ወንጭፉን ሞከርሁት፤ ድንጋዩ ወደፊት በመሄድ ፋንታ ወደ ኋላዬ ሄዶ የራሳችንን ጎጆ ደበደበ። ባለቤቴ ከውስጥ፣ "ኧረ አንቺ ሴት፣ ወፉ ውጭ ነው!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ ወንጭፉን ትቼ ቆርቆሮ ያዝሁ። እየደበደብሁ፣ እየጮኽሁ ከዳር እዳር እሮጣለሁ። በዚህ ሳባርር በዚያ ያርፋል። ሰው እንዳይረዳኝ በግሪሳ ወቅት ሁሉም በየማማው ላይ ነው፣ የራሱን ማሳ ትቶ የሚመጣ የለም። ብዙ ሳልቆይ ድምፄ ጭራሽ ጠፋ።

ድምፄ በጠፋ ሰሞን ገበያ ቀን ኮኪት ወረድሁ፤ ሐጂ ዘንድ። ሐጂ ራዲዮ ጠጋኝ ናቸው። ሱዳን ብዙ ዘመን ኖረው የተመለሱ፣ አማርኛውን በአረብኛ የሚያጣፍጡ፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ ሽማግሌ። እኔ ደግሞ ቆዳ እሰፋላቸው ነበር። ያን ጊዜ ራዲዮ ልብስ ነበራት፤ ድምፅ የሚወጣበት ላይ በወስፌ የተበሳሳ፣ ማንገቻ ያለው የቆዳ ልብስ። የቆላ አቧራ አያድርስ ነው፣ ያላለበሷት ራዲዮ ወቅት አትጨርስም። እሳቸው ሆዷን ይጠግናሉ፣ እኔ አለብሳታለሁ።

ከሱቃቸው ፊት ባለው የሣር ዳስ፣ ራኩባ በሚሉት፣ ጥላ ሥር ተቀምጬ ቆዳዬን አወጣሁ።

"አህለን፣ ቢንቲ፣" አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። "ዛሬ ሰላምታም የለ?"

ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስሁ።

"ምን ሆንሽ? ድምፅሽን ማን ወሰደው?"

ጣቴን ወደ ሰማይ አነሳሁ።

"አላህ?"

"ግሪሳ፣" አልሁ በሹክሹክታ።

ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቃቸውን ዋጡት። የባለቤቴን ትከሻ ሰምተዋል። ማኅበሩ ያለንንም፣ አያ የላኩብንንም እኔው አጫውቻቸው ነበር። እጃቸው ላይ ያለውን ራዲዮ አስቀመጡና ከሱቁ ጓሮ ወደሚገኘው የተቃጠለ የጭነት መኪና ሄዱ። ብረት ሲንኳኳ ቆየ። ሲመለሱ የመኪናውን ክላክስ ክንዳቸው ላይ አቅፈውታል።

"አንቺ ለምን ትጮኺያለሽ? ብረት ይጩህልሽ።"

"ማን ይጫነዋል?"

"ማንም። ራሱ ይጮኻል፣ ራሱ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይጮኻል። አንቺ ስፌትሽን ትሰፊያለሽ።"

ሥራውን የጀመሩት እዚያው ነው። ከሞቱ ራዲዮዎች ሆድ ሁለት ትራንዚስተር ነቀሉ፤ ሦስት ሦስት እግር ያላቸው፣ የበቆሎ ፍሬ የሚያካክሉ ነገሮች ናቸው። "እነዚህ እንደ ሁለቱ ሚስቶቼ ናቸው፣" አሉኝ። "አንዷ ስትነሳ ሌላዋ ትተኛለች። ሁለቱ አንድ ላይ የተነሱ ቀን እኔ ቤት የለኝም።" ከጎናቸው የሚቆሙትን ኮንደንሰሮች ደግሞ ጋን አሏቸው። ጋኑ ቀስ እያለ ይሞላል፣ ሲሞላ የተኛችውን ይቀሰቅሳታል፣ የነቃችው በተራዋ ትተኛለች። ጋኑ ቶሎ እንዳይሞላ ደግሞ ሬዚስታንስ የሚባል ቀጭን ቧንቧ አለው። ቧንቧው በቀጠነ ቁጥር ዝምታው ይረዝማል። ሚስቶቹ ትንንሽ ስለሆኑ ክላክስ የሚያህል ነገር አይችሉም፤ ቀጭ የሚል ሪሌ የሚሉት ማብሪያ አለ፣ እነሱ እሱን ይገፉታል፣ እሱ ክላክሱን ያስጮኸዋል።

እኔ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ነው። ኤሌክትሪክ የሚባለውንም ያየሁት ወፍጮ ቤት አምፖል ላይ ብቻ ነበር። ግን ጣውንትም አውቃለሁ፣ ጋንም አውቃለሁ፤ ነገሩ ገባኝ።

የቸገረው ይህን ሁሉ የሚሸከም ሰሌዳ ነው። "ጠፍጣፋ፣ ደረቅ፣ የሚበሳ፣ ኮረንቲ የማያሳልፍ ነገር ስጭኝ፣" አሉ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። ጣውላ ሞከሩ፣ ወፈረ። የተሰበረ የራዲዮ ሽፋን ሞከሩ፣ ሲበሱት ተሰነጠቀ። እኔ ጭኔ ላይ ያለውን የፍየል ቆዳ አየሁ። ወጥሬ ያደረቅሁት ነው፤ ጣት ሲነካው እንደ ከበሮ ያንኳኳል።

"ይሄስ፣ ሐጂ?"

ተቀበሉኝ። በጥፍራቸው መቱት፣ ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። "ማን አረዳት?"

"ባለቤቴ። ለፍልሰታ ፍቺ።"

"ሥጋዋን አልበላላችሁም፣" አሉ። "ቆዳዋ ግን ሃይማኖት የለውም።"

በከሰል መንገዱን ሣሉልኝ፤ ከዚህ እዚህ፣ ከዚያ እዚያ። እኔ በወስፌ በሳሁት። ከተቃጠለ ዲናሞ የተፈታ ቀጭን መዳብ ሰጡኝ፣ ልባሱን በምላጭ ፍቄ እንደ ክር ሰፋሁበት። ስፌት ስፌት ነው፤ በአክርማ ፋንታ መዳብ ሆነ እንጂ እጄ አልተደናገረም። አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው ነገሩኝ፤ መንገድና መንገድ እንዳይነካካ። 

"ቢነካካስ?" 

"ሁለቱም ሚስቶች ይነሳሉ አላልሁሽም?" 

የትራንዚስተሮቹን እግር በቀዳዳው አሾልከን፣ እሳቸው ብረት ከሰል ላይ እያጋሉ፣ እርሳስ እያቀለጡ መጋጠሚያውን ሁሉ በየዱት። የቀለጠው ጠብታ ቆዳው ላይ ሲያርፍ የፀጉር ሽታ ይሸተናል።

አሁን የልጅ ልጄ ይህንኑ ሥራ ኮምፒውተር ላይ ትሠራዋለች። መንገዱን ትሥላለች፣ ሩቅ አገር ያለ ፋብሪካ አትሞ ይልክላታል፤ አረንጓዴ፣ እንደ ታጠበ ቅጠል የሚያበራ ሰሌዳ። መሀሉ ላይ ማይክሮኮንትሮለር የምትለውን ጥቁር ነገር ትበይድበታለች፤ ጥፍር አያህልም፣ ግን የነገሩትን ሁሉ ያስታውሳል አለችኝ። "የናንተው በምን ነበር የሚያስታውስ?" ብላ ጠየቀችኝ። የእኛው የሚያስታውስበት ነገር አልነበረውም። ይነቃል፣ ይተኛል፣ በቃ። አሳዘናት መሰለኝ። ወደ ነገሬ ልመለስ።

ያረጀ የትራክተር ባትሪ ወፍጮ ቤት አስሞልተን፣ በአህያ ጭነን፣ ሁሉንም ማማው ላይ ሰቀልነው። በማግሥቱ ማለዳ፣ ጤዛው ገና ሳይረግፍ፣ ሐጂ እንዳሳዩኝ ሽቦውን ከሽቦ አገናኘሁ። ዝም። ቆየት አለና ጮኸ፤ እኔ ራሴ ከማማው ልወድቅ ትንሽ ቀረኝ። ወዲያው ደገመው። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። ሞተብኝ ብዬ ልነካው ጠጋ ስል እንደገና ጆሮዬ ሥር! ግሪሳው ሊያርፍ ዝቅ ብሎ ነበር፤ አየር ላይ እንዳለ እንደ አሮጌ ጨርቅ ተቀደደና በጫካው ላይ አድርጎ ሄደ። 

ከጎናችን ያለው ማሳ የአንዲት ጎጃሜ ሴት ነው፤ እሷም እንደኔ ማማ ላይ ትውላለች፣ አፏ ደግሞ አያርፍም። ክላክሱ የእሷንም ዳር ስለሚጠብቅላት ደስ ብሏታል፣ ግን ሳትነካኝ አታልፍም።

"እንዴት አደረች ፍየልሽ?" ትለኛለች ከማዶ። "ዛሬ ምጥ ይዟታል መሰል!"

"መንታ ነው!" እላታለሁ፣ ድምፄ በጥቂቱ ተመልሶልኝ።

"ኧረ ይቺስ ከነሕይወቷም እንዲህ አልጮኸች!"

የማኅበሩ ታጣቂዎችም ሰምተው መጡ፤ አንድ ጎልማሳና አንድ ወጣት። ጎልማሳው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ ማማውን ቀና ብሎ አየ።

"ይሄ ነገር ከማን ጋር ነው የሚነጋገረው?"

ባለቤቴ እጁ እንደ ታሰረ ከጎጆው ብቅ አለ። "ከግሪሳ ጋር።"

"ምን ይላታል?"

"ሂጂ ይላታል።"

ወጣቱ ሳቀ። ጎልማሳው አልሳቀም፤ እስኪጮኽ ልጠብቅ ብሎ ክንዱን አጣምሮ ቆመ። እኛም ቆምን። ዝምታው ረዘመ። "ይኸው እኮ፣ ምንም..." ብሎ ፊቱን ሲያዞር ክላክሱ ከአናቱ ላይ ጮኸ፤ ሰውየው ዘሎ ማሽላው ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ የጠየቀን የለም።

ሐጂ ሥራቸውን ሊያዩ የመጡት አንድ ማለዳ ከጸሎት በኋላ ነው፣ ገና ጤዛ ሳለ፣ በአህያ። ማማው ጥላ ሥር ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን አወጡ፤ በአንዱ ጩኸትና በሚቀጥለው መካከል እንክብሉን ይቆጥራሉ። አንዴ ብዙ ይሆናል፣ አንዴ ጥቂት፣ አንዴ ጣታቸው ገና የመጀመሪያውን ሳይለቅ ይጮኻል። ፊታቸው ጠቆረ።

"ይሄ ሰካራም ነው፣" አሉ።

"ግሪሳው ግን ሄዷል፣ ሐጂ።"

"ዛሬ ሄዷል። ነገ ልብሽን ጥለሽበት ቀጥ ቢልብሽስ? ይህን ሠራ ብለው ስሜን ሲያነሱት ደግ ነው?" ራሳቸውን ነቀነቁ። "ማሽላሽን በሰካራም አላስጠብቅም። ቆይ፣ አንድ ነገር አስመጣለሁ።"

ከገዳሪፍ የሚመላለስ ነጋዴ ወዳጅ ነበራቸው። እሱ አንድ ፊቱ መዳብ የተለበጠ ስስ ሰሌዳ፣ መዳብ የሚበላ መድኃኒት ጨምሮ አመጣላቸው። በመዳቡ ላይ መንገዱ በጥፍር ቀለም ይሣላል፤ መድኃኒቱ ቀለም ያልሸፈነውን ሁሉ በልቶ ይጨርሰዋል፣ የተሸፈነው ይተርፋል። የሐጂ እጅ ለቀጭን መስመር መንቀጥቀጥ ጀምሮ ስለነበር ሣዪው አሉኝ። የጥፍር ቀለሙ የታናሺቱ ሚስታቸው ነው። ብልቃጧን ስትሰጠኝ፣ "ለእኔ ጥፍር ከካርቱም የመጣ ለወፍ ማስፈራሪያ! ባሌ ምን አዞረበት?" አለች፤ ግን እሷም ሳትሄድ ከአጠገቤ ቁጭ ብላ፣ መስመሬ ሲጣመም በጥጥ እየጠረገች አብራኝ ዋለች።

ሰሌዳውን መድኃኒቱ ውስጥ ጨምረን ሳህኑን ቀስ እያልን አወዛወዝነው። መዳቡ እንደ ደመና ደበዘዘ፣ ሳሳ፣ ጠፋ። ቀዩ መስመር ብቻ ቀረ። ቀለሙን በምላጭ ስንፍቀው ከሥሩ ወርቅ የመሰለ መንገድ ወጣ። እኔ በእጄ ያን የሚያህል ውብ ነገር ሠርቼ አላውቅም ነበር። ሐጂ ትራንዚስተሮቹንና ጋኖቹን ከቆዳው ላይ እየነቀሉ ወደ ሰሌዳው አዛወሯቸው። ባዶውን ቆዳ፣ መዳቡ እንደ ተሰፋበት፣ ይዤ ሄጄ ጎጆው ክዳን ሥር ሻጥሁት። ቆዳ አይጣልም።

አዲሱን ሰሌዳ ሳጥን ውስጥ ከተው ማማው ላይ ሰቀሉት፤ እሱስ እንደ ሰው ነበር። ሐጂ ቆጠሩት፤ ጩኸቱና ዝምታው፣ ጩኸቱና ዝምታው፣ እኩል በእኩል። "ኸላስ፣ አበቃ። አሁን አእምሮ ገዛ፣" አሉና በአህያቸው ተመለሱ። እኔም የምሰፋውን ሰሌን ይዤ ማማው ላይ ወጣሁ። ሲጮኽ አንድ ዙር እጨርሳለሁ፣ ሲጮኽ ሌላ እጀምራለሁ። ጎጃሜዋ እንኳ ስለ ፍየሊቱ መጠየቋን ተወች።

ጥቂት ቀን እንዲህ ሆነ። ከዚያ ግሪሳው ሲጮኽበት መሄዱን ትቶ መነሳት ብቻ ጀመረ፤ ብድግ ይልና ተመልሶ ይቀመጣል። ቀጥሎ መነሳቱንም ተወ፣ ራሱን ብቻ ቀና ያደርጋል። አንድ ማለዳ ማማው ላይ ስወጣ ክላክሱ ራሱ ላይ በረድፍ ተሰልፈው አገኘኋቸው። ጮኸ፤ አንዷ ክንፏን አራገፈችና ዝም አለች።

ወደ ጫካው ያለውን ዳር በሙሉ በሉት። ዛላው እንደ ተላጨ ራስ ሆነ። እኔ ቆርቆሮዬን ይዤ ወረድሁ፣ ባለቤቴ በግራ እጁ ጓል ይወረውራል፣ ግራ እጁ ደግሞ ጓሉን እግሩ ሥር ነው የሚጥለው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር በመንገድ ሲያልፍ ቆም ብሎ ያን ዳር አየ፤ አየና ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ያ ከሁሉ ይልቅ አስፈራኝ። ኅዳር ሚካኤልም ሩቅ አልነበረም።

"ማሳው ይሂድ፣ ተይው፣" አለኝ ባለቤቴ ማማው ሥር ተቀምጦ። "አያ ቤት ማደር ሞት አይደለ።"

"አይደለም፣" አልሁት። ሌላ ነገር ብጨምር አለቅስ ነበር።

ሰሌኑን አነሳሁና ዝም ብዬ መስፋት ያዝሁ፤ እጄ ሥራ ሲይዝ ልቤ ይረጋል። ክላክሱ ከጆሮዬ አጠገብ ጮኸ። ወስፌዬ በመንገዷ ሄደች። ያኔ ጣቶቼን አየሁ። ድነዋል። በቆዳው ጊዜ ጣቶቼ ሁሉ የተወጉ ነበሩ፤ ክላክሱ በድንገት በጮኸ ቁጥር ስደነግጥ ወስፌው ሥጋዬን ይወጋኝ ነበር። አሁን የሚጮኽበትን ከእኔ በፊት እጄ ያውቀዋል። መቼ እንደሆነ ሳላውቀው መደንገጤን ትቻለሁ።

"ይኸው እኮ፣" አልሁት ባለቤቴን፣ ጣቶቼን ዘርግቼ። "እኔ ለመድሁት። እነሱስ ምን በወጣቸው!"

ቆዳዬን ከክዳኑ ሥር መዝዤ፣ ሳጥኑን አዝዬ ኮኪት ገሰገስሁ። ሐጂ ሱቃቸው ደጃፍ ነበሩ። ነገሩን ስነግራቸው ሰሌዳውን አንስተው ያን ወርቅ የመሰለ መንገድ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

"ይሄ በዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ ንጹሑ ነው፣" አሉ። "ቀጥ ያለውን ትተሽ ሰካራሙን ልትወስጂ?"

"ግሪሳው የሚፈራው ሰካራሙን ነው፣ ሐጂ። ቀጥ ያለውንማ ሰዓቱን አውቆበት አብሮት ይኖራል።"

ሰሌዳውን አስቀመጡ። ከዚያ ቆዳውን አነሱ። "ግን ለምን ሰከረ? ሚስቶቹ እነዚሁ ናቸው፣ ጋኖቹ እነዚሁ ናቸው።" አገላበጡት፣ አሸተቱት፣ በመጨረሻ በምላሳቸው ጫፍ ነኩት። ዓይናቸው ፈጠጠ።

"ጨው! ጨው አሽተሽዋል?"

"ታዲያ ቆዳ ያለ ጨው ይደርቃል እንዴ? በኛ አገር እንዲህ ነው የምናደርገው።"

"ያ ሰላም!" ቆባቸው እስኪወድቅ ሳቁ። "እዚህ ሰው በአመድ ነው የሚያደርቅ! እኔም ሞኝ፣ ማን አረዳት ብዬ ጠየቅሁ እንጂ በምን አደረቃችኋት አላልሁ።"

ሳቃቸው ሲበርድ አስረዱኝ። ጨው ጤዛ ይጠጣል። ጤዛ የጠጣ ቆዳ ኮረንቲውን ሰርቆ ያሳልፋል፤ ጋኑ በቧንቧው ብቻ ሳይሆን በየስንጥቁ ይሞላል፣ ይፈሳል። ማለዳ አንድ ዓይነት፣ ፀሐይ ሲወጣ ሌላ ዓይነት፣ ደመና ሲያልፍ ደግሞ ሌላ። "ሚስቶቹ ጎረቤት ወሬ እያመጣላቸው ያለ ተራቸው ይነሳሉ፣" አሉ። "አላህ በሠራው አየር የሚሄድ ሰዓት ነው። እሱን ግሪሳ አይደለም እኔም ልለምደው አልችልም።" 

ብረታቸውን ከሰል ውስጥ ከተቱ። ትራንዚስተሮቹንም፣ ጋኖቹንም፣ አንድ በአንድ ከውቡ ሰሌዳ ላይ ነቅለው ወደ ቆዳው መለሷቸው። ሳይቸኩሉ፣ ሳያጉረመርሙ፤ እያንዳንዷን ብየዳ እንደ መጀመሪያው ቀን እፍ እያሉ። ውቡን ሰሌዳ ባዶውን በሱቃቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

ማለዳ ማለዳ ፍየሊቱ ወደ ጠባይዋ ተመለሰች፤ ግሪሳውም ወደ ፍርሃቱ። የቀረው ችግር ከቀትር በኋላ ነበር። ፀሐይ ቆዳውን ሲያደርቀው ጩኸቱ እንደ ሰሌዳው እኩል በእኩል ይሆናል፣ ግሪሳ ደግሞ ሁለተኛ የሚመጣው ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው። በቅጠል ውሃ ረጨሁበት፣ በዛና ዝም አለብኝ። በመጨረሻ ዚራችንን፣ ያን ላቡን የሚያፈሰውን የመጠጥ ውሃ ጋን፣ ማማው ሥር አመጣሁና ቆዳውን ሆዱ አጠገብ አንጠለጠልሁት፤ ሳይነካው፣ ትንፋሹ ብቻ እንዲደርሰው። ሙቀቱ በበረታ ቁጥር ዚሩ ያልበዋል፣ ዚሩ ባላበው ቁጥር ቆዳው ይሰክራል። 

ጣቶቼ እንደገና በወስፌ ተወጉ። ባለቤቴ፣ "እንዴት ነው?" ሲለኝ የደማውን ጣቴን አሳየዋለሁ፤ እሱም "ተመስገን" ይላል።

አያ በቃላቸው መጡ፤ ገና በዓሉ ሳይገባ፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ ከሸሕዲ በጭነት መኪና። ውሃ አቀረብሁላቸው። ቅሉን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ክላክሱ ጮኸ፤ ውሃው ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ።

"በስመ አብ! ምንድን ነው እሱ?"

"ፍየል ናት፣ አያ፣" አለች ጎጃሜዋ ከማዶ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ቅሉን አስቀመጡ። ተነስተው ማሳውን ዞሩ። ባለቤቴ ከኋላቸው፣ እኔ ከእሱ ኋላ። መጀመሪያ የደረሱት ያን የተላጨ ዳር ነው። ቆሙ፤ ባዶውን ዛላ በዘንጋቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉት፤ ከንፈራቸውን መጠጡ።  ከዚያ ወደ ውስጥ ገቡ። ውስጡ ቀልቶ፣ ከብዶ፣ ራሱን ደፍቶ ቆሟል። አንድ ዛላ ቀንጥሰው በመዳፋቸው አሹት፣ ገለባውን እፍ አሉና ፍሬውን አፋቸው ውስጥ ጣሉ። ሲያላምጡ ጥርሳቸው ቀጭ ሲል ሰማሁት፤ ደርቋል ማለት ነው፣ ደርሷል ማለት ነው።

ደጋግመው አኘኩት።

"ትከሻህ መቼ ነው የሚፈታ?" አሉት ባለቤቴን።

"ገና ነው፣ አያ። ወጌሻው ገና ነው ብሏል።"

ወደኔ ዞሩ። እመለሳለሁ እንድል፣ አልመለስም እንድል አልጠየቁኝም። ጋቢያቸውን አውልቀው፣ አጣጥፈው፣ የማማው እግር ላይ አንጠለጠሉት። እጀ ጠባባቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ።

"ታዲያ ይሄ ሁሉ እህል ምን ይጠብቃል?" አሉ። "ማጭዱ የት ነው ያለው?"